ባሕር በሌላት ከተማ ጀልባ መምረጥ

ናይሮቢ የባሕር ከተማ አይደለችም። በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ካለችው ከሞምባሳ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከባሕር ወለል በላይም 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ ነፋሷ ደገኛ ነው፤ ማለዳዋም በተለይ በሐምሌ ወር ካፖርት ያስለብሳል። የስሟ ምንጭ ግን ውኃ ነው። ማሳዮች ሥፍራውን «ቀዝቃዛ ውኃ» እያሉ ይጠሩት ነበርና፣ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ድንኳናቸውን ሲተክሉበት ያንኑ ስም ወረሱ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባብያን እንዲረዱልን እንለምናለን።

እንዲህ ባለች ደገኛ ከተማ የዓሣ ጀልባ መፈለግ መጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስቅ ይመስላል። የአገሩን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ግን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1896 ከሞምባሳ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1901 ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ከደረሰ በኋላ፣ በሐይቁ ላይ እንዲሠሩ የታዘዙት ዊኒፍሬድና ሲቢል የተባሉት የእንፋሎት መርከቦች በስኮትላንድ ተሠርተው፣ ተፈታትተው፣ በባሕር ሞምባሳ ከደረሱ በኋላ በዚሁ ሐዲድ ላይ ተጭነው ወደ ኪሱሙ ተጓዙ። እዚያም እንደገና ተገጣጥመው በሐይቁ ላይ ተንሳፈፉ። እንግዲህ እነዚያ መርከቦች ውኃ ሳይነካቸው አስቀድሞ የናይሮቢን ሜዳ በየብስ አቋርጠዋል ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን የሞተር ወኪሎች፣ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴዎች፣ ባንኮችና የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች የተሰበሰቡት በናይሮቢ ስለሆነ፣ ጀልባ ፈላጊ ሁሉ ወደ ውኃው ከመውረዱ በፊት በዚች ከተማ ማለፉ አይቀርም።

እኛንም ወደ ናይሮቢ ያመጣን ጉዳይ ይኸው ነው። በጣና ሐይቅ ዳር ዓሣ በማስገር ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ወዳጆቻችን፣ በማኅበር ሆነው ለብዙ ዓመታት ያጠራቀሙት ገንዘብ አላቸው። በዚህም ገንዘብ አንድ መካከለኛ የፋይበርግላስ ጀልባ ለመግዛት ቈርጠዋል። ጀልባው መረብ ለመጣል፣ እህልና እንጨት ለማመላለስ፣ ሲቸግርም የታመመ ሰው ከደሴት ወደ ሐኪም ቤት ለማድረስ የሚበቃ እንዲሆን ይፈልጋሉ። በኬንያ የሚሠሩትንና ከውጭ አገር የሚገቡትን አይተን፣ ዓይነታቸውን አመዛዝነን እንድንነግራቸው አደራ አሉን። የአንድ ሰው ገንዘብ ቢሆን ጉዳቱ በአንድ ቤት ይቀር ነበር፤ የማኅበር ገንዘብ ግን የብዙ ልጆች ልብስና ደብተር፣ የብዙ እናቶች የጓዳ ተስፋ ነው። ከዚህም በላይ በመጥፎ ጀልባ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት፣ አማርኛን በመማር ላይ ያሉ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን በጨረታና በደብዳቤ ላይ እንዳያምታቷቸው ጥቂት ቃላት እንለይ። ታንኳ የምንለው፣ በጣና እንደሚታየው፣ ከደንገል የታሰረ ወይም ከአንድ ግንድ የተቦረቦረ፣ በመቅዘፊያ የሚሄድ ትንሽ የውኃ መጓጓዣ ነው። ጀልባ የምንለው ከሳንቃ፣ ከብረት ወይም ከሌላ ነገር የተሠራ፣ በመቅዘፊያ፣ በሸራ ወይም በሞተር የሚሄድ መካከለኛ መጓጓዣ ነው። መርከብ ደግሞ ብዙ ሰውና ብዙ ጭነት የሚችለው ትልቁ ነው። ፋይበርግላስ ስንል፣ እንደ ጥጥ ፈትል የቀጠነ የመስተዋት ክር ሬዚን በሚባል እንደ ማር በሚዝለገለግ ፈሳሽ ርሶ ሲደርቅ የሚገኘውን ጠንካራ ነገር ማለታችን ነው። ከዚህ ነገር ጀልባ መሥራት በአሜሪካ በ1940ዎቹ ተጀመረ፤ እንደ እንጨት ስለማይበሰብስ፣ እንደ ብረትም ስለማይዝግ፣ ብዙ ዓመት ሳይቈይ በየአገሩ ተሰራጨ።

ጀልባ የሚመርጥ ሰው ምርመራውን ከዓሣ ገበያ ቢጀምር ይበጀዋል። በናይሮቢ መካከል ባለው የከተማው ገበያ አዳራሽና በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በጊኮምባ ገበያ የአገሩ ውኃዎች ሁሉ ፍሬ ይታያል። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ምቡታ የሚባለው ትልቁ የናይል ፐርች፣ እኛ ቆሮሶ የምንለው ቲላፒያ፣ በፀሐይ የደረቀው ደቃቁ ኦሜና፤ ከውቅያኖስ ደግሞ ልዩ ልዩ የባሕር ዓሣ ይመጣል። ሻጮቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ የዓሣውን ጕንጭ ገልጠው ስንጥቡ ቀይ መሆኑን ለገዢው ያሳያሉ፤ በጣታቸው ሥጋውን ተጭነው ተመልሶ መነሣቱን ያስመሰክራሉ። ከኪሱሙ እስከ ናይሮቢ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በበረዶ የመጣው ዓሣ በክብር ሲሸጥ፣ ፀሐይ የመታው ግን በግማሽ ዋጋ ይወድቃል። መበላሸት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በመኪናው ላይ ሳይሆን ዓሣው ከመረብ ወጥቶ በጀልባው ሆድ ውስጥ በሚያሳልፋቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ነው። ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው የምርጫ ሕግ በገበያው ተገኘልን፤ ጀልባው በመካከሉ፣ ከወለሉ ዝቅ ብሎ፣ ክዳን ያለው የበረዶ ሣጥን የሚቀመጥበት ቦታ ይኑረው። የሐይቁ ዳር ሴቶች ዓሣውን ጠብሰውም ሆነ አድርቀው የሚያገኙት ትርፍ ከዚህ ሣጥን ይጀምራልና።

ሁለተኛው ጥያቄ የውኃው ጠባይ ነው። በኬንያ ብቻ እንኳ ውኃው እንደ ሥፍራው ይለያያል። በጠረፉ ላይ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ሲነሣ ባሕሩ ይናወጣል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ስለሚነፍስ ለትናንሽ ጀልባዎች ይመቻል። የቪክቶሪያ ሐይቅ ስፋት 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የኬንያ ድርሻ ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ድንገት የሚመጣው ማዕበልና በውኃው ላይ የሚንሳፈፈው እምቦጭ አስጋሪውን እኩል ያስጨንቁታል። ከኦሞ ወንዛችን ውኃውን የሚቀበለው ቱርካና በኀይለኛ ነፋሱ የታወቀ ነው። በናይቫሻ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ ዓይኑን መግለጥ አለበት።

የእኛ ጣና ከእነዚህ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ወስዶአል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ነፋስ ማዕበል ለማንሣት የሚበቃ ሜዳ ያገኛል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የሚነሣ ማዕበል አጭርና ተደጋጋሚ ስለሚሆን ጀልባን ያንገላታል። ዳር ዳሩ ደግሞ ጭቃና ደንገል ነው። ከ2011 ወዲህም እምቦጭ ገብቶበታል። እንግዲህ ለዚህ ሐይቅ የሚሆን ጀልባ ማዕበሉን የሚሰነጥቅ፣ ዳር ሲደርስ ግን ጭቃ ላይ የማይቀመጥ መሆን አለበት። እነዚህ ሁለቱ ፍላጎቶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ናቸው፤ የምርጫው ጥበብ ያለውም እነርሱን በማስታረቅ ላይ ነው።

ሆዱ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ቆሞ ሳለ አይናወጥም፤ ጕልበት ወዳለው ውኃም ወደ ዳርም በቀላሉ ይገባል፤ ነገር ግን በማዕበል ላይ ሲሮጥ እየተነሣ ይፈርጣል፤ ውሎ ሲገባም የአስጋሪውን ወገብ ይሰብራል። ሆዱ እንደ ማረሻ የሾለ ጀልባ ደግሞ ማዕበሉን አርሶ ያልፋል፤ ቢሆንም ቆሞ መረብ ሲሳብ፣ ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ጐን ሲያዘነብሉ አብሮ ያዘነብላል፤ የበለጠ ጥልቀትና የበለጠ የሞተር ጕልበትም ይጠይቃል። ለብዙ ሥራ የሚፈለገው መካከለኛው ነው፤ ፊቱ ሾሎ ወደ ኋላ እየሄደ የሚሰፋና የሚጠፈጥፍ። ርዝመቱ ከስድስት እስከ ሰባት ሜትር፣ ስፋቱ ከሁለት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ቢሆን አራት አስጋሪዎችን ከመረባቸውና ከዓሣቸው ጋር ይይዛል። ከዚህ ካጠረ ጭነት ሲበዛበት ውኃ ይገባዋል፤ ከዚህ ከረዘመ ደግሞ ሞተሩና ነዳጁ የማኅበሩን ትርፍ ይበሉታል። ጐኑም ሰው ተንበርክኮ መረብ እንዲስብበት ዝቅ ያለ፣ ማዕበል እንዳይዘልበት ከፍ ያለ ሊሆን ይገባዋል፤ መለኪያውም አስጋሪው ራሱ ነው፤ ሰውየው በጀልባው ውስጥ ቆሞ የጐኑ አፍ ከጕልበቱ በላይ ሲደርስ ደኅና ነው።

በናይሮቢ ባየናቸው የሥዕል መጻሕፍት ላይ ሻጮቹ «ለሁሉ የሚሆን» የሚሏቸው ጀልባዎች ብዙዎች ነበሩ። አንዱ ለስላሳ ወንበር አለው፤ ሌላው ጣራና የመስተዋት መከለያ ተሠርቶለታል፤ ሦስተኛው የመንጠቆ ዘንግ የሚሰካበት ዐሥር ቦታ አለው። እነዚህ ሁሉ በዕረፍት ቀኑ ለሚዝናና ሰው ያማሩ ናቸው። በመረብ ለሚሠራ ሰው ግን እያንዳንዱ ጌጥ መረብ የሚይዝ እሾኽ ነው። ለብዙ ሥራ የሚበቃ ጀልባ ብዙ ባዶ ቦታ የተተወለት ጀልባ መሆኑን ከዚህ ተረዳን። ጠዋት ለመረብ፣ ቀትር ለጭነት፣ ማታ ለታመመ ሰው የሚሆነው ያው አንዱ ባዶ ወለል ነው።

ከዚያም ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ፋብሪካዎች ወደ ተሰበሰቡበት የከተማው ክፍል ሄድን። በናይሮቢ በደጅ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ጁዋ ካሊ ይባላሉ፤ በስዋሒሊ «ጠራራ ፀሐይ» ማለት ነው፤ ጣራ ሳይኖራቸው በፀሐይ ሥር ስለሚሠሩ የወጣላቸው ስም ነው። በፋይበርግላስ የመኪና አካልና ልዩ ልዩ ዕቃ የሚሠሩትን ስንመለከት የጀልባውም አሠራር ያው መሆኑን አስተዋልን። አስቀድሞ የጀልባውን ቅርጽ የሚያወጣ ትልቅ ገበታ ይዘጋጃል፤ ውስጡ በሰም ይታሻል። በላዩ በኋላ የጀልባው ውጫዊ ቆዳ የሚሆነው ቀለም ያለው ሬዚን ይቀባል። ከዚያ የመስተዋቱ ክር ምንጣፍ ይነጠፍና በብሩሽ ሬዚን ይጠጣል፤ በውስጡ የቀረው አየር በብረት መዳመጫ ይወጣል፤ እንዲህ እየተደረበ የሚፈለገው ውፍረት ይደርሳል። ሲደርቅ ከገበታው ይላቀቃል።

የሥራው ምሥጢር በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው አየሩን ማውጣት ነው፤ በንጣፎቹ መካከል የቀረ አየር ቈይቶ ይለያያቸዋልና። ሁለተኛው የአየሩ ሙቀት ነው። ሬዚን በብርድ ስለሚዘገይ፣ በናይሮቢ የሐምሌ ማለዳ በችኰላ የተሠራ ዕቃ ላይ ላዩን የደረቀ መስሎ ውስጡ ሳይጠነክር ሊቀር ይችላል። «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ምሳሌያችን በዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

የተሠራውን ጀልባ የሚመረምር ሰው በቀለሙ ውበት እንዳይታለል ምርመራውን በጆሮው ይጀምር። በመዶሻ እጀታ የጀልባውን ሆድ ከፊት እስከ ኋላ ቀስ እያለ ቢያንኳኳ፣ ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ንጣፉ የተለያየበት ግን እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ የደፈነ ድምፅ ያሰማል። ቀጥሎ በኋላ በኩል ሞተሩ የሚታሰርበትን ግድግዳ ይመርምር። በብዙ ጀልባዎች በዚህ ግድግዳ ውስጥ እንጨት አለ፤ ብሎኖቹ የሚገቡበት ቀዳዳ በደንብ ካልታሸገ ውኃ ሠርጎ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ ከውጭም ምንም አይታይም። ስለዚህ ሞተሩን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መወዝወዝ፣ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰም ዋጋ ሳይጠይቁ መሄድ ነው። ጀልባው አሮጌ ከሆነ ከሆዱ በታች እንደ ፈንጣጣ ያሉ እብጠቶች መኖራቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ እነርሱ ውኃ ወደ ውስጥ መሥረጉን ይመሰክራሉ።

ስለ ሞተሩ በናይሮቢ የተማርነው ለደገኛ አገር ሰው ሁሉ የሚጠቅም ነው። ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። በዚህም ምክንያት በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሞተሩ ከጕልበቱ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ያጣል። ጣና በ1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ በሞምባሳ 40 የፈረስ ጕልበት ያለው ሞተር በጣና 33 ያህል ብቻ ይቀረዋል። ይህን ያላወቀ ሰው ሻጩ እንዳታለለው ይቈጥራል። መድኃኒቱ ትልቅ ሞተር መግዛት ብቻ አይደለም፤ ጠመዝማዛነቱ ያነሰ ፕሮፔለር ቢታሰርለት፣ ካርቡራተሩም ለከፍታ ቢስተካከልለት ሞተሩ ሳይታነቅ ይሠራል። ሌላም ነገር አለ፤ የሐይቅ ውኃ ጨው ስለሌለው ከባሕር ውኃ ይቀላል፤ አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ 1,025 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን የሐይቁ 1,000 ነው። ስለዚህ ያው ጀልባ ያንኑ ጭነት ይዞ በሐይቅ ላይ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ጀልባ እስከ አፉ በሚጫንበት ቀን ትንሹ ትልቅ ይሆናል።

ታዲያ ጀልባው የት ይፈተን? ናይሮቢ ራስዋ በአንድ ወቅት ለዚህ የሚሆን ውኃ ነበራት። በ1953 ለከተማይቱ የመጠባበቂያ ውኃ እንዲሆን የናይሮቢ ግድብ ተሠርቶ ነበር፤ የከተማው ሰዎችም ለብዙ ዓመታት ባለ ሸራ ጀልባ ይነዱበት ነበር። ኋላ ግን ከአካባቢው የሚወርደው ፍሳሽና ቈሻሻ ገባበት፤ እምቦጭም ወረሰው፤ የሸራ ጀልባውም ጨዋታ ቀረ። በኪቤራ ጐን ያለውን ይህን ሥፍራ ስንመለከት ጣናችንን ማሰባችን አልቀረም። ውኃው ከሞተ ምርጥ ጀልባ እንኳ በየብስ ላይ የተቀመጠ ገንዳ ነው።

ስለዚህ ለፈተናው ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ናይቫሻ መውረድ የተሻለ ሆኖ አገኘነው። ናይቫሻ ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከጣና ከፍታ ጋር ይቀራረባል፤ ውኃውም ጨው የለበትም። በሞምባሳ ወደብ ላይ በኵራት የሚበርር ጀልባ በጣና ላይ ምን እንደሚሆን አይነግረንም፤ በናይቫሻ ላይ የታየው ግን ያለ ማዳላት ይመሰክራል። የጣና ሰዎች ጀልባ በኬንያ ሲገዙ በውሉ ላይ «ክፍያው የሚፈጸመው በናይቫሻ ሐይቅ፣ በሙሉ ጭነት ከተፈተነ በኋላ ነው» የሚል አንቀጽ እንዲያስገቡ የመከርናቸው በዚህ ምክንያት ነው። ጭነቱ ሰው መሆን የለበትም፤ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ይበቃል።

ከፈተናዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጀልባውን ውኃ ሞልቶ ማየት ነው። ከሳንቃ የተሠራ ጀልባ ውኃ ቢሞላው እንጨቱ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ሰው ይዞት ሊቈይ ይችላል። ፋይበርግላስ ግን ከውኃ ይከብዳል፤ ውኃ የሞላው የፋይበርግላስ ጀልባ፣ ከሞተሩ ጋር፣ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ይህን የሚከለክለው በወለሉ ሥርና በጐኖቹ ውስጥ የታሸገ አየር የያዘ ቀላል አረፋ ነው። ቦስተን ዌለር የተባለው የአሜሪካ ጀልባ ሠሪ በዚህ ዘዴ ታወቀ፤ በ1961 ላይፍ በተባለው መጽሔት ላይ ባለቤቱ በጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጀልባው በመጋዝ ለሁለት ሲቈረጥና ግማሹ ሲንሳፈፍ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ወጥቶ ነበር። ሻጭ «አረፋ አለው» ብሎ ቢምል ማመን አይገባም፤ በጥልቀት የለሽ ዳር ላይ ጀልባውን ሞልቶ፣ አራት ሰዎች ጐኑን ይዘው ሲቈዩ ማየት ነው። ደግሞም አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ሲነቀል ባንዱ ተንጠልጠል» እንዳሉት፣ ሞተር ቢኖርም ሁለት መቅዘፊያ፣ መልሕቅና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የሕይወት አድን ጃኬት ከጀልባው ዋጋ ጋር መቈጠር አለባቸው። በሐይቅ ዳር ያሉ እናቶችና ሚስቶች ምሽት ላይ የሞተር ድምፅ ሲጠባበቁ የሚያስጨንቃቸው ይህ እንጂ የጀልባው ፍጥነት አይደለም።

የመንገዱም ነገር ከምርጫው አይለይም። ከናይሮቢ በኢሲዮሎና በማርሳቢት በኩል እስከ ሞያሌ፣ ከሞያሌም በአዲስ አበባ በኩል እስከ ባሕር ዳር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጀልባው በተጎታች ላይ ተጭኖ የዐባይን በረሃ ቍልቍለት ወርዶ ዐቀበቱን መውጣት አለበት። ስፋቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ካለፈ በጠባብ መንገድና በድልድይ ላይ ችግር ይሆናል። ሆዱም በተጎታቹ ላይ በሁለት ነጥብ ብቻ ቢያርፍ በመንገዱ ንዝረት ይሰነጠቃልና፣ በብዙ ቦታ በተሸፈነ እንጨት መደገፍ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻም ከሥራችን ሁሉ ይልቅ ያሳሰበንን እንናገር። በቱርካና ሐይቅ ምዕራብ ዳር በካሎኮል የኖርዌይ መንግሥት በርዳታው ትልቅ የዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ አሠርቶ ነበር፤ በ1970ዎቹ ታቅዶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተጠናቀቀ። ነገር ግን በዚያ በረሃ ዓሣ ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክና ንጹሕ ውኃ ዋጋው ከዓሣው በለጠና ሥራው ወዲያው ቆመ። ሕንጻው ደኅና ነበር፤ ያልተጠየቀው በየቀኑ ማን እንደሚቀልበው ነው። ጀልባም እንዲሁ ነው፤ ነዳጅ፣ ዘይትና መለዋወጫ በባሕር ዳር ገበያ የማይገኝለት ሞተር ቢያምርም አይጠቅምም።

የጣናም የራሱ ትምህርት አለ። በ1986 በኔዘርላንድ በጎ አድራጊዎች ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ከዚያ በፊት በደንገል ታንኳ የሚያሰግሩት ነገደ ወይጦና ሌሎች ባለአገሮች ከዳር ብዙ አይርቁም ነበር። የሞተር ጀልባው ግን ሩቅ ደረሰ፤ ላቤዮባርበስ የተባሉት፣ አብዛኞቹ ዝርያዎቻቸው በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙት ዓሦች በክረምት ለመራባት ወደ ጕማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ መረቡ እዚያ ጠበቃቸው። ሊቃውንት በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት የእነዚህ ዓሦች ብዛት በዐሥር ዓመት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ጀልባውን የሠራው ሰው ክፋት አላሰበም፤ ጀልባው የተሰጠውን ሥራ ፈጸመ እንጂ። ስለዚህ ማኅበሩ ጀልባ ከመግዛቱ በፊት በመራቢያው ወራት በወንዞቹ አፍ መረብ እንደማይጥል በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ እንዲጽፍ ወዳጆቻችንን ለመናቸው። ከጀልባው ጋር ሐይቁን ካልጠበቁ፣ የናይሮቢ ግድብ ዕጣ ሩቅ አይደለም።

ይህን ሁሉ አመዛዝነን የጻፍንላቸው ቃል አጭር ነበር። ርዝመቱ ስድስት ሜትር ተኩል፣ ፊቱ የሾለ፣ ኋላው የሰፋ፣ ወለሉ ባዶ፣ አረፋው በውኃ የተፈተነ ጀልባ ይግዙ። ሞተሩ 40 የፈረስ ጕልበት፣ ፕሮፔለሩ ለደጋ የተመረጠ ይሁን። ከእርሱ የሚረዝምና የሚፈጥን፣ መስተዋትና ጣራ ያለው ሌላ ጀልባ አይተናል፤ ገንዘባቸውም በጥቂት ብድር ይደርስበት ነበር። ነገር ግን ያ ገንዘብ ለበረዶ ሣጥኖች፣ ለሕይወት አድን ጃኬቶችና ለአንድ ዓመት መለዋወጫ ቢውል ይሻላል ብለን መከርናቸው። እነርሱም በስብሰባቸው ከተነጋገሩበት በኋላ ምክሩን ተቀብለው፣ ከሁሉ በፊት እንዲገዛ የወሰኑት የሕይወት አድን ጃኬቱን ነው።